የቀዳዳው ጀርባ

«በእሷ ይሁን። አንድ ቀን እጇ ሳተ ይባላል፤ አለቀ» ሲል ሰማችው ታላቅ ወንድሟን። ግድግዳ ይሉታል እንጂ እሷን ከባልና ሚስቱ መኝታ የሚለያት አንድ ስስ ቺፕውድ ነው፤ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ «ይማርህ» የሚባልበት ዓይነት። በአንድ እግሯ ካልሲ አጥልቃ ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች አልጋዋ ጠርዝ ላይ ደርቃ ቀረች። አልጋው ሲጢጥ ሲል ተሰማ፣ ቁምሳጥኑ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ከዚያ የወንድሟ ሚስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ ማን ይነግራታል?» አለች። «ማንም አይነግራትም። እዚያው ስትደርስ ታየዋለች። እሷ ምን አላት? ልጅ የላት፣ ኪራይ አትከፍል። ሌላ ሥራ እስክታገኝ እዚችው ትቀመጣለች። እኔ ብባረር ግን አራታችንም ሜዳ ላይ ነን።» አራታችን ያለው ራሱን፣ ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን ነው። እሷ ሒሳቡ ውስጥ የለችበትም። በዚያ ሁሉ ንግግር መሀል እንደ እሾህ የተሰነቀረባት እጅ መሳቱ አልነበረም፤ ይህቺ አራት የምትባል ቁጥር ነበረች። ሁለተኛውን ካልሲ አደረገች፣ አውልቃ እንደገና አደረገችው፣ ተረከዙ ወደ ላይ ዞሮ ነበርና።

የትናንቱን አደጋ ከቤቱ ውስጥ የማያውቀው ድመቱ ብቻ ነው። እሷና ወንድሟ የሚሠሩበት ድርጅት ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል። ወንድሟ ፎርማን ነው፤ እሷ ደግሞ ትራፓኖ በሚሉት የመብሻ ማሽን ላይ ቆማ ቡሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ትበሳለች። ባልደረቦቿ በዚሁ የተነሳ «ሰርሳሪዋ» ይሏታል፣ የሰው ቤት ሰብራ የምትገባ ሌባ ይመስል። የወንድሟ ሚስት ይህን ቅጽል ስም እንግዳ ፊት መስማት አትወድም፤ እሷ ግን ወዳዋለች፣ ሲጠሯትም «ምን ልስረቅልህ?» እያለች ትመልሳለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ታዲያ ስልክ ተደወለ። ከድርጅቱ እግር የወሰደች አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ከአውቶቡሱ ደረጃ ስትወርድ እግሩ ቡሎኑ ላይ ተገንጥሎ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ባለድርጅቱ ፎርማኑን አስጠርቶ «ማን እንደበሳው ነገ ጠዋት ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ ወጣ። ማን እንደበሳውማ የሚጠፋው ሰው የለም፤ ቀዳዳ የሚበሳ አንድ ሰው ነው ያለው። እንዴት እንዲበሳ ማን እንዳዘዘ ነው ሊጠየቅ የሚገባው፤ እሱን ደግሞ ባለድርጅቱ አልጠየቀም።

ቁርስ ላይ ቤቱ እንደወትሮው ጠባብ ነበር። ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ አንዱ ጎኑ ስለማያስቀምጥ ልጆቹ በየተራ ነው የሚበሉት፤ ትንሿ የታላቋን ጫማ አድርጋ አላወልቅም ብላ ታለቅሳለች፣ ሬዲዮው የሲሚንቶ ዋጋ ይናገራል። የወንድሟ ሚስት ዳቦውን ስትቆርስ ዳሩን ለራሷ አስቀርታ መሀሉን፣ ያንን ለስላሳውን፣ ለእሷ ሰጠቻት። ወንድሟ ደግሞ ሳትጠይቀው ስኳሩን ገፋ አደረገላት። እዚያ ቤት ስትኖር ስኳር ሲቀርብላት የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁልጊዜ ተንጠራርታ ነው የምታነሳው። ሊታረድ ያለ በግ እንኳ ይህን ያህል አይንከባከቡትም ብላ በሆዷ ሳቀች። «ስኳር ደግሞ ጨመረ አይደል?» አለች ሴትየዋ፣ ዝም እንዳይባል። «ጨመረ» አለ ባልየው። «ጨመረ» አለች እሷም። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ሻያቸውን ሲያማስሉ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰላቸውን አልተዉም።

ወደ ሥራ ሲሄዱ ወንድሟ ሁልጊዜ ቀድሟት ነው የሚራመደው፤ ፎርማን ከሠራተኛ ጋር እኩል ሲገባ ደስ አይለውም። ዛሬ ግን እርምጃውን ቀንሶ ከጎኗ ሆነ። ሱቆቹ ገና መክፈታቸው ነው፤ አንዱ ባለሱቅ መዝጊያውን እየገፋ፣ ሌላው ደጁ ላይ ውሃ እየደፋ። በጫማ ቤቱ መስኮት ሲያልፉ ቆም አለና የልጅ ጫማ ዋጋ አየ፤ ከንፈሩን መጥጦ መንገዱን ቀጠለ። «ኪራይም ሊጨምርብን ነው መሰለኝ፤ ሰውዬው ትናንት በር ድረስ መጥቶ ነበር» አለ። «እህ» አለች። «ኑሮ እንዲህ ሆነ።» «ሆነ፣ ጋሼ።» ሊነግራት እየዳዳው እንደሆነ ገባት፤ አንድ ቃል ብታቀብለው ይነግራት ነበር። አላቀበለችውም። ይልቅ ከዚያ ጫማ ቤት እስከ ድርጅቱ በር ድረስ ነገሩን በልቧ ጨረሰችው። ይሁን። በኔ ይሁን። ሥራ ባጣ ጣሪያ አላጣ፤ እሱ ሥራውን ቢያጣ ሁላችንም እናጣለን። ለእሱ ያዘነች እንዳይመስላት ደግሞ ንቀት ጨመረችበት፤ በኔ ጀርባ ተሸሽጎ ደሞዙን ይብላ፣ ሲያላምጥ ይታወሰዋል አለች። በንቀት የተሰጠ ስጦታ ለሰጪው አይከብደውም፣ ወይም እንደዚያ መስሏት ነበር።

የእግሮቹ ቅርፊት የሚሠራበትን፣ ካርቦን ፋይበር የሚሉትን ነገር ከሩቅ ያየው ሰው ብረት ይመስለዋል። ብረት አይደለም። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ድርብ በድርብ ተነጥፎ፣ ሙጫ ጠጥቶ፣ ደርቆ የጠነከረ። ብረት ከላይም ከታችም ጠባዩ አንድ ነው። ይህኛው እንደ ዘመድ አዝማድ ነው፤ ሲያዩት አንድ አካል፣ ጫን ሲሉት ግን እየተላቀቀ የሚሄድ። መበሻው ፑንታ ከላይ ሲገባ እያንዳንዱ ድርብ ከበታቹ የሚደግፈው አለው። የመጨረሻው ድርብ ግን ከጀርባው አየር ብቻ ነው ያለው፤ ፑንታው ከቸኮለ ወይም ከደነዘ እሱን ቆርጦ አያልፍም፣ ገፍቶ ነው የሚገነጥለው። ፊት ለፊቱ ሲታይ ቀዳዳው ክብ፣ ንጹህ፣ እንከን የለሽ ነው። ሲገለብጡት ጀርባው ጠጉሩ ቆሟል፣ ዙሪያው ተልጧል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ደግሞ በንብርብሩ መሀል ሰተት ብሎ ገብቷል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ፑንታው የተሳለ ይሁን፣ አወራረዱ ይርጋ፣ ከሥር እንጨት ይደገፍለት፤ የመጨረሻው ድርብ በእንጨቱ ላይ ተደግፎ ይቆረጣል። እሷ ሥራውን ስትለምድ እንዲሁ ነበር የሚሠራው፤ ያስተማራትም ይኸው ወንድሟ ነው።

አዲሱ ውል ሲመጣ ግን ባለድርጅቱ ከበፊቱ እጥፍ እግር በወር እንዲወጣ ፈረመ። ፎርማኑ ወንድሟም የትራፓኖውን የአወራረድ ማዞሪያ እስከ ጥግ አዞረው፤ እንጨት መቀየርና ማሰር ጊዜ ይበላል ብሎ እንጨቱን አስነሳ። ዋጋው የአንድ ሠራተኛ የሳምንት ምግብ የሚሆነው ፑንታ እስኪያቃስት ድረስ እንዳይቀየር ከለከለ። «ጋሼ፣ ጀርባውን እየው እስቲ» አለችው ያኔ። «ጀርባውን ማን ያየዋል? ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ስፖንጅ ይለበስበታል» አላት። እዚህ ላይ ዝም ብላ ብትተወው ደህና ነበር። የተላጠው ጠርዝ እንዳለ ቢሄድ ገጣጣሚዎቹ አይተው ይመልሱት ነበር። ግን ኩራቷ አላስቻላትም፤ ከእሷ ጠረጴዛ የተንጨባረረ ቀዳዳ ወጣ እንዳይባል የራሱን የካርቦን ብናኝ በሙጫ አሽታ ጠርዙን ደፈነችው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው፣ አበራችው። እንዴት አድርጋ! ጀርባው ፊቱን እስኪመስል፣ እንዲያውም ፊቱን እስኪያስንቅ። ገጣጣሚዎቹ «የሰርሳሪዋ እጅ ወርቅ ነው» እያሉ ቡሎናቸውን ያስገቡ ነበር፤ እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ትሰማቸው ነበር። ድፍኑ ግን የሚሸፍን እንጂ የሚሸከም አልነበረም።

የሥራ ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ መስኮቶቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ በጥቁር ብናኝ ከስሎ ጠዋትን ማታ ያስመስለዋል። በግድግዳው ላይ ጥንድ ያልሆኑ እግሮች ተሰቅለዋል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይደነግጥና በሳምንቱ ኮቱን ይሰቅልባቸዋል። ትኬት ቆራጯ ቀድማቸው ደርሳ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ግራ ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የቀኙን ብብቷን ክራንች ደግፎታል፣ ጭኗ ላይ ደግሞ ጫማ ያደረገ እግር በፌስታል አስቀምጣለች። ዘበኛው እንዴት እንደወደቀች ቢጠይቃት «እግሬ ከኔ ቀድሞ ሥራ ለቀቀ፤ ማመልከቻ እንኳ አላስገባም» አለችውና ዘበኛው ሳቀ፤ መሳቁ ትክክል መሆኑን ስላላወቀ ደግሞ ሳቁን በሳል ጨረሰው።

ሰርሳሪዋን ስታይ ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻት። «አንቺ ነሽ የበሳሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ አንድ ጺማም ሰውዬ ነበር የመሰለኝ። ልቆጣው ስድብ አዘጋጅቼ መጥቼ...» አለችና ፌስታሉን ከፈተችላት። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ሰርሳሪዋ እግሩን ተቀበለች። ቅርፊቱ ከላይኛው ቡሎን ተነስቶ እስከ ታችኛው ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ከንፈር ላይ የእሷ ድፍን እንደ ጥፍር ቀለም እያበራ ተቀምጧል። «ይመረመራል» አለች፤ ይህንን ቃል ስትናገር ወንድሟን መምሰሏን ራሷ ታዘበች።

«ይመረመር እንጂ። ስወድቅ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ክንዴን አይደለም። ተሳፋሪው ሁሉ እግሬን ይዞ ሲሯሯጥ አይቼ፣ ‹ትኬት ሳይቆርጥ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው› አልኩ።» ሳቀች፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። «ሥራ ቦታ ሌላ ሰው ተክተዋል። ለጊዜው ነው ብለዋል። ለጊዜው የሚባለውን ነገር ታውቂው የለ?»

ባለድርጅቱ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ሆዱን የሚያመው፣ ሲናገር ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። «አላወራም፤ ማየት ነው የምፈልገው» አለ። «እዚሁ ፊቴ ትብሳ። ችግሩ ከማሽኑ ይሁን ከሰው አሁን እናየዋለን።» ሴቶቹ ሲነጋገሩ ማሽኑን ሲያሰናዳ የቆየው ወንድሟ «ተዘጋጅቷል» አለና ከትራፓኖው ዞር አለ። ሰርሳሪዋ ቀረብ ብላ አየች። ፑንታው አዲስ ነው፤ ዘይቱ እንኳ አልደረቀም። ማዞሪያው ወደ ቀድሞው ቦታ ተመልሷል። ከወራት በፊት ተነሥቶ የቀረው እንጨት ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ በሞርሳው መንጋጋ ተጠርንፏል። ያኔ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ገባት። በዚህ አኳኋን የተበሳ ቀዳዳ ሊበላሽ አይችልም። ካልተበላሸ ማሽኑ ነጻ ነው፣ ፎርማኑ ነጻ ነው፤ የሚቀረው የእሷ እጅ ብቻ ነው። ወንድሟን አየችው። እሱ የሞርሳውን እጀታ በጨርቅ ይወለውላል፤ የተወለወለውን እንደገና ይወለውላል።

ሆን ብላ ልታበላሸው ትችል ነበር፤ ቅርፊቱን ነካ ማድረግ፣ ፑንታውን ሳይረጋ መልቀቅ፣ መላ አይጠፋም። እጇ ግን እንቢ አላት፤ ደግሞስ መንገድ ላይ ይሁን ብላ የለ? ማስኳን አጠለቀች። ፑንታው ረጋ ብሎ ወረደ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ እንደ ንብ አንድ ወጥ ሆኖ ቆየ፣ ጥቁሩ ብናኝ እንደ ዱቄት በዙሪያው ተከመረ፤ በመጨረሻም የእንጨቱ ነጭ ብናኝ ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ አለፈ ማለት ነው፣ አነሳችው። ቅርፊቱን ከሞርሳው ፈትታ ገልብጣ ለባለድርጅቱ ሰጠችው። ከጀርባው አንድ ክር አልቆመም። ባለድርጅቱ ትንሹን ጣቱን አስገብቶ ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ደስ ያለው ሳይሆን ያዘነ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ትችያለሽ!» አላት።

«ሥራውንማ ታውቀዋለች» አለ ወንድሟ ወለሉን እያየ። «እጇ ስቶ ነው። አንድ ቀን ነው፤ ይደርሳል።»

ዝም አለች። ዝምታዋ እንደ ማመን ተቆጠረ፤ ባለድርጅቱም ሰዓቱን አየ። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ነበር። ትኬት ቆራጯ ግን ከወንበሯ ሳትነሳ «ተመስገን፣ እንግዲያው የኔ ብቻ ናት» አለች። «እኔማ ለልብስ ተኳሹ ሰግቼ ነበር። አብረን ነው መራመድ የተማርነው፣ በአንድ ሳምንት ነው እግራችንን የወሰድነው። የሱ እኮ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውልበት ነው።»

«የሌሎቹ ምንም አይሆንም» አለ ወንድሟ። «ያንቺ ብቻ ናት፣ እህቴ።»

ሰርሳሪዋ ለራሷ ውሸቱን ተቀብላው ነበር። በራሷ ላይ የተጫነ ነገር በራሷ ያበቃል መስሏት ነበር። ይህ ውሸት ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አልቀረም፤ በር ከፍቶ ወጥቶ፣ ከተማው ውስጥ ተበትኖ፣ በእሷ ቀዳዳ ላይ ተማምኖ ደረጃ ሲወርድ ታያት። አንዲት ቃል ሳትናገር ሞርሳውን ፈታች። እንጨቱን አውጥታ መሬት ላይ ጣለችው፣ ሲወድቅ ሁሉም ዘወር አሉ። አዲሱን ፑንታ ነቅላ ከመሳቢያው አሮጌውን ሰካች፤ ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞረችው። «ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ወንድሟ። ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ባለድርጅቱ ፊት መያዝ ግን አልቻለም፣ እጁ አየር ላይ ቀረ። ትራፓኖው ተነሳ። ፑንታው ጮኸ፣ የተቃጠለ ሙጫ ሸተተ፣ ወዲያው ጧ! ብሎ አለፈ። ስትገለብጠው የመጨረሻው ድርብ እንደ ተላጠ ቆዳ ተነስቶ ቆሟል። ከኪሷ ሳንቲም አውጥታ መጀመሪያ የበሳችውን ቀዳዳ ዙሪያ መታ መታ አደረገችው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውን መታች፤ ድምፁ ደፈን አለ፣ ባዶ ሳጥን የተመታ ይመስል።

«የእሷ ብቻ አይደለችም» አለች። «አዲሱ ውል ከመጣ ወዲህ የወጣው ሁሉ እንዲህ ነው የተበሳው። በሁለተኛው አኳኋን። ጀርባውን እየደፈንኩ ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ገጣጣሚዎቹ አያውቁም።»

ባለድርጅቱ ሁለቱን ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ብዙ አያቸው። ከዚያ ቅርፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሲያስቀምጠው ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ነበር። «ሰው አናስደነግጥም» አለ ረጋ ብሎ። «ቅሬታ ያለው ይመጣል፤ የመጣውን እንጠግናለን።»

«ሳይመጣ የወደቀውንስ?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«እህቴ፣ ለአንቺ አዲስ እንሠራለን፣ ምንም አትከፍዪም።»

«ገባኝ። አንዴ ሠርታችሁኝ ነበር፣ አሁን ልትደግሙኝ ነው።»

ባለድርጅቱ እንደገና ሰዓቱን አየ። ለሰርሳሪዋ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገራት፤ የደፈነው ማን እንደሆነ በራሷ አፍ ተናግራለችና የሚያከራክር አልነበረም። ወደ ወንድሟ ዞሮ ደግሞ «ሥራው እንዳይቆም» አለው። ማዞሪያው ወዴት እንደሚዞር፣ እንጨቱ ይመለስ አይመለስ፣ አልተናገረም። ወንድሟም አልጠየቀም። ባለድርጅቱ ሲወጣ እንጨቱ እዚያው መሬት ላይ ነበር፣ አንድ ገጣጣሚ ተራምዶት አለፈ።

እጅ መታጠቢያው ጋ ወንድሟ ተከትሏት መጣ። የቧንቧው ውሃ ቀጭን ስለሆነ ጥቁሩ ብናኝ ከጥፍር ሥር እስኪለቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እሱ ዛሬ ብናኝ አልነካውም፣ ቢሆንም አብሯት ታጠበ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ግን ፍርሃት ነው፤ ከሥራው አልተባረረም፣ እንደማይባረርም አውቋል፣ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው። «ሥራ እፈልግልሽ ነበር እኮ» አለ። «ጠያይቄልሽ ነበር፣ እውነቴን ነው።»

«ጠዋት ‹አራታችን› ስትል ሰምቼሃለሁ፣ ጋሼ።»

ሳሙናው ከእጁ አመለጠ። አጎንብሶ ሲያነሳው ረጅም ጊዜ ፈጀ። ቀና ሲል ሊያስተባብል አፉን ከፈተ፣ ምናልባትም ሊቆጥራቸው፣ እሷ ያለችበት ሌላ አራት ሊያወጣ፤ አልሆነለትም። ቧንቧውን ዘጋው። «ማታ ትመጫለሽ?» አላት። ነይ ማለቱ ይሁን አትምጪ ማለቱ ከድምፁ አልለይ አላት፤ እሱም ራሱ የሚያውቀው አልመሰላትም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

ትኬት ቆራጯ በሩ ላይ ክራንቿን ተደግፋ ታክሲ ትጠብቃለች። ሰርሳሪዋ ምንም ሳትል ፌስታሉን ተቀበለቻት። «ወዴት?» አለቻት ሴትየዋ። «ልብስ ተኳሹ ጋ። ቤቱን ታውቂዋለሽ አይደል?» ትኬት ቆራጯ ለአፍታ አተኩራ አየቻት። ይቅርታ እንድትጠይቃት የጠበቀች ይመስል ነበር፤ ሰርሳሪዋም ይቅርታ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፣ ነገር ግን በጄሶ የታሰረ ክንድ ፊት ቃሉ ትንሽ ሆኖ ታያትና ዋጠችው። ታክሲው ውስጥ ሁለቱም በመስኮት ሲያዩ ሄዱ። ረዳቱ ለፌስታሉም እንዲከፍሉ ሲቀልድ ትኬት ቆራጯ «ዝም በል፣ ሙያዬ ነው፤ እግር የሰው አካል ነው፣ ለብቻው አይከፈልበትም» ብላ አፉን አስያዘችው።

የልብስ መተኮሻው ቤት ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጣሪያው ዝቅ ብሏል፣ እንፋሎቱ መስታወቱን አልብሶታል፤ በአንድ በኩል የተተኮሱ ነጫጭ ሸሚዞች ተሰቅለዋል፣ በሌላው በኩል ያልተተኮሱት እስከ ወገብ ተከምረዋል። ልብስ ተኳሹ ቀጠን ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ትኬት ቆራጯን ሲያይ ጮኸ፤ ክንዷን ሲያይ ዝም አለ፤ ፌስታሉን ሲያይ ካውያውን አቆመ። ነገሩን ሰርሳሪዋ ነገረችው፣ ሳታሳንስ፣ ሳትደፍን። ሰምቷት ሲያበቃ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ቅርፊቱን በካውያው እጀታ ቆረቆረው። «የኔ እግርማ ደህና ናት። በጠዋት ካደረግኳት ማታ ነው የማወልቃት፤ አንድ ቀን አላስቀየመችኝም።» ሰርሳሪዋ ተንበርክካ በሳንቲሙ መታ መታ አደረገች። መሀሉ ጥርት አለ። ወደ ላይኛው ቡሎን ስትደርስ ድምፁ ደፈን አለ፤ ወደ ታችኛው ወረደች፣ ደፈን አለ። ሰውዬው አልጠየቃትም። ጆሮ አለው።

«አውልቀው» አለችው።

«ዛሬ? የሆቴሉ ሰዎች አመሻሹ ላይ ሸሚዛቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ አስተናጋጆቹ እሱን ለብሰው ነው የሚገቡት። ሳላደርስላቸው ብቀር ነገ ሌላ ተኳሽ ይይዛሉ።» ፈገግታው አሁንም እዚያው ነበር፣ ግን የረሳው ይመስል ነበር። «እሺ፣ ላውልቀው። በምን ልቁም?»

ከማዕዘኑ በርጩማውን ስባ ከኋላው አስቀመጠችለት። «ቁጭ በል» አለችው። «እኔ እቆማለሁ።»

«ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ወደ ትኬት ቆራጯ ዞሮ አየ፤ እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ማሰሪያውን ፈታ። እግሩ ከጉልበቱ ሲለይ ሰውየው ድንገት ያነሰ መሰለ። ሰርሳሪዋ ካውያውን አነሳች፤ ከገመተችው በላይ ይከብዳል። የመጀመሪያውን ሸሚዝ ስትዘረጋው ኮሌታው ላይ ሽብሽብ አወጣችበት፤ ልብስ ተኳሹ አይቶ «ይሄንንማ ማንም አይለብሰውም፤ ውሃ ነስንሽበትና ድገሚው» አላት። ደገመችው። እንደገና አስደገማት። የሥራ ጌታ ሆኖ ሲያዛት ድምፁ ትንሽ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተሻለ፣ ሦስተኛው ሊሰቀል በቃ። ክምሩ ግን የተነካ አይመስልም፤ ውጭ ደግሞ ብርሃኑ መድከም ጀምሯል።

«ቆይ፣ እኛ ሁለታችን ብቻ አይደለንም እኮ» አለ ልብስ ተኳሹ ጭኑን እያሻሸ። «ሌሎቹስ?»

«እናንተ ናችሁ የምታውቋቸው» አለች ሰርሳሪዋ ዓይኗን ከእጅጌው ላይ ሳታነሳ። «ንገሩኝ።»

ሁለቱ መራመድ የተማሩበትን ክፍል እያስታወሱ ይነጋገሩ ጀመር፤ በስም ሳይሆን በሥራና በጠባይ። ያ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ሲራመድ ጮክ ብሎ የሚቆጥረው። ያቺ ጸሐፊ፣ በከፍተኛ ተረከዝ ካልሆነ አልማርም ያለችው። የሚያፏጨው ሽማግሌ። ሁለት ወንድማማቾች፣ በአንድ አደጋ ተቃራኒ እግራቸውን ያጡት፣ እግር ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ጥንድ ጫማ ተካፍለው ይገዙ የነበሩት። እያንዳንዱ ሲነሳ ይሳሳቁና ሳቁን ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሰርሳሪዋ ትሰማለች፣ ትተኩሳለች፤ ሁሉንም ቀዳዳ ታስታውሳለች ማለት ውሸት ነው፣ አንዱንም አታስታውስም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቆንጆ ነበሩ።

«ያቺንስ ረሳናት?» አለች ትኬት ቆራጯ ድንገት። «ያቺ መንታ የወለደችው። ሁለቱንም በአንዴ ታቅፋ ነው እኮ የምትወጣ የምትወርደው፣ አንዱን ካስቀመጠች ሌላው ያለቅሳላ።»

ሰርሳሪዋ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳች። «የት ነው ቤቷ?»

ትኬት ቆራጯ ክምሩን አየች፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ አየች፣ የጠቆረውን መስኮት አየች።

«አራተኛ ፎቅ ነው» አለች። «ሊፍት የለውም።»